ዞራ አርከስ-ደንቶቭ፦ በአንድ ካምሻፍት የመኪና ዕጣ የቀየረው መሐንዲስ

በሞተር ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል እንደ ካምሻፍት የባለቤቱን ትዕግሥትና የመካኒኩን ብስለት የሚፈትን ጥቂት ነው። ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል እንደሚነሡና ለምን ያህል ጊዜ ክፍት እንደሚቆዩ የሚወስነው ይህ ዘንግ ነው። ቅዳሜና እሑድ ለመዝናኛ የሚነዳት ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ መኪና ያለው ሰው ሞተሯን ጥቂት ማጠንከር ሲያምረው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከካምሻፍቱ ነው፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። በዚህ ምርጫ ዙሪያ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው መሐንዲስ ሕይወት፣ ከሞተር ቤት ውጭም ቢሆን የሚነገር ብዙ ነገር አለው።

ዞራ አርከስ-ደንቶቭ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1909 በቤልጂየም ዋና ከተማ ብራስልስ ከሩሲያ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ እናቱ ሕክምና ታጠና ነበር። ቤተሰቡ ወደ ሩሲያ ተመልሶ የአብዮቱንና የርኀቡን ዘመን እዚያው አሳለፈ። ወላጆቹ ከተፋቱ በኋላ እናቱ ጆሴፍ ደንቶቭ ከተባለ ሰው ጋር መኖር ጀመረች። ዞራና ወንድሙ ዩራ የወላጅ አባታቸውን ስም ሳይጥሉ የእንጀራ አባታቸውንም ጨመሩበት፤ ጥንድ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው።

በ1927 ቤተሰቡ ወደ በርሊን ሄደ። ዞራ በሞተር ብስክሌት ፍቅር የተለከፈውና በ1934 በሻርሎተንበርግ ከሚገኘው የቴክኒክ ተቋም በምሕንድስና የተመረቀው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ገባ፤ በ1939 ኤልፊ የተባለችውን ጀርመናዊት ዳንሰኛ አገባ። ጦርነቱ ሲጀመር ከወንድሙ ጋር በፈረንሳይ አየር ኃይል ተመዘገበ። በ1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ ግን ለአንድ አይሁዳዊ የቀረው ምርጫ ማምለጥ ብቻ ነበር። በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አልፈው፣ በመርከብ ውቅያኖሱን ተሻግረው፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ኒውዮርክ ደረሱ። ሠላሳ አንደኛ ዓመቱን ሲይዝ አምስተኛ አገሩ ላይ ነበር፤ ይዞት የመጣው ሀብትም ሙያው ነው።

ወንድማማቾቹ በኒውዮርክ «አርደን» የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ የሁለቱ ስሞቻቸው ቁራጭ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያወጡት ታዋቂ ሥራ ለፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተሠራ ቴስታታ ነበር። የፎርዱ ቫልቮች ከሲሊንደሩ ጎን ተቀምጠው ትንፋሹን ያፍኑት ስለነበር፣ እነዞራ ቫልቮቹን ከፒስተኑ በላይ አወጧቸው። ሥራው አድናቆት ቢያተርፍም ድርጅቱን ግን ከኪሳራ አላዳነውም። ዞራ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ አላርድ በተባለው የመኪና ድርጅት ተቀጠረ፤ በ1952 በለ ማን የሃያ አራት ሰዓት ውድድርም ራሱ መሪውን ጨበጠ።

ጃንዋሪ 1953 ዞራ ኒውዮርክ ውስጥ በተዘጋጀ የጄኔራል ሞተርስ ትርኢት ላይ አዲሷን ኮርቬት አየ። መልኳ ማረከው፤ ሞተሯ ግን ከመልኳ ጋር አልተመጣጠነም። ለሸቭሮሌት ዋና መሐንዲስ ለኤድ ኮል ደብዳቤ ጻፈ፤ ሜይ 1 ቀን 1953 ሥራ ጀመረ። ወንበሩ ሳይሞቅ፣ በዚያው ዓመት ለአላርድ ለመወዳደር ወደ ለ ማን መሄዱ አለቆቹን አስቆጥቷል።

ኮርቬትን እርሱ ፈጠራት ብለው የሚናገሩ አሉ፤ ይህ ልክ አይደለም። መኪናዋ የተወጠነችው እርሱ ከመቀጠሩ በፊት ነው። የእርሱ ውለታ ከመሞት ማዳኑ ነው። በ1954 ከ3,600 በላይ ኮርቬቶች ተመርተው ብዙዎቹ ገዢ አጡ፤ በ1955 የተሠሩት 700 ብቻ ነበሩ። ፎርድ በበኩሉ በዚያ ዓመት ከ16 ሺህ በላይ ተንደርበርዶችን ሸጠ። በድርጅቱ ውስጥ ኮርቬት ትቅር የሚለው ሐሳብ ሲያይል፣ ዞራ ለአለቆቹ በጻፈው ማስታወሻ መኪናዋን መተው ለተወዳዳሪ እጅ መስጠት መሆኑን አስጠነቀቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 1953፣ ሌላ ማስታወሻ አቅርቦ ነበር። በየጋራዡ መኪና የሚያሻሽሉ ወጣቶች ሁሉ ፎርድን የሙጥኝ ያሉት መለዋወጫው በገበያ ስላለ ነው፤ ሸቭሮሌትም ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ማጠንከሪያውን ዕቃ፣ ካምሻፍቱን ጭምር፣ ራሱ ሠርቶ ይሽጥላቸው የሚል ነበር። ስደተኛው መሐንዲስ የጋራዥ ልጆችን ልብ ከአለቆቹ በተሻለ ያነበበ ይመስላል።

ሸቭሮሌት በ1955 አዲሱን 265 ኪዩቢክ ኢንች ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር አወጣ። በኮርቬት ላይ 195 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዞራ መኪናዋ በሰዓት 150 ማይል እንድትሮጥ ፈለገ፤ ለዚህም አዲስ ካምሻፍት ነደፈ። የዘመኑ ልማድ ጉልበት ሲፈለግ ቫልቩን ከፍ አድርጎ ማንሣት ነበር። ከፍታ ሲጨምር ግን ሞላው ይጨነቃል፣ ቫልቩ ሲመለስ ይነጥራል፣ ዕቃው ቶሎ ያልቃል። ዞራ ከፍታውን በመጠኑ፣ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ገትቶ፣ ቫልቩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ አስረዘመ። ባልደረቦቹ ተጠራጠሩ። በ1956 መባቻ ግን በፍሎሪዳ የዴይቶና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ራሱ ነድቷት፣ የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነቷ ከ150 ማይል፣ ማለትም ከ241 ኪሎ ሜትር፣ በላይ ሆነ። በዚያ ዓመት ዘንጉ በትእዛዝ የሚገጠም ዕቃ ሆኖ ለገዢ ቀረበ፤ የሞተሩም ጉልበት ወደ 240 እንደ ደረሰ ተነገረ። መካኒኮች ከዕቃ ቁጥሩ የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ተነሥተው 097 ይሉታል፤ ብዙዎች ደግሞ የደንቶቭ ካም እያሉ በስሙ ይጠሩታል።

ክፍት ጊዜን ማስረዘምም ያለ ዋጋ አይገኝም። የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ቅጽበት ይረዝማል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ይህ ጥቅም ነው፤ የሚወጣው ጭስ አዲሱን አየር ስቦ ያስገባዋል። በዝግታ ሲዞር ግን ጭሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ድብልቁን ያበላሸዋል፤ ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፣ ለፍሬን ረዳቱ የሚያስፈልገው ስበት ይደክማል፣ ከቆመበት የሚነሣበት ጉልበት ይቀንሳል። በኤደን በጁን ሙቀት፣ ከክሬተር ወደ መዓላ በተጨናነቀ መንገድ እየተንፏቀቀ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያለ አስረጂ ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ የሚፈለገው በዝግታ ሳይታወክ የሚሠራ ሞተር ነው።

የሸቭሮሌት የኋላ ታሪክ ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። በ1964 ዞራ በ327 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ላይ ይበልጥ ኃይለኛ የሆነውንና 30-30 የሚባለውን ካምሻፍት አስገባ፤ በካርቡራተር 365 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። የቫልቭ ክፍተቱ በየጊዜው በእጅ መስተካከል ነበረበት፤ በሚኒሞም ሻካራ ነበር። በ1965 ድርጅቱ በዚያው ሞተር ላይ በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል፣ ለዘብ ያለ ካምሻፍት ገጥሞ 350 የፈረስ ጉልበት አገኘ። ልዩነቱ 15 ብቻ ነው፤ ባለ 350ው ደግሞ አየር ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት ሊታዘዝ ይችል ነበር። ለመንገድ የሚሆን መኪና የሚሠራ ሰው ዛሬም ከሁለቱ ለዘብተኛውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ውድድር የሚገባ ግን ሌላ ሒሳብ አለው፤ ማርሹ፣ የጭስ ማውጫውና የፒስተኑ እመቃ ሁሉ ከካምሻፍቱ ጋር አብረው መቀየር አለባቸው።

ዞራ መሪውን ቶሎ አልተወም። በሴፕቴምበር 1955 ገና ለገበያ ባልወጣች፣ መልኳ በተሸፈነ ሸቭሮሌት በኮሎራዶ የሚገኘውን የፓይክስ ፒክ ተራራ በ17 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ወጥቶ በክፍሉ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1954 እና በ1955 በለ ማን በፖርሸ ተወዳድሮ በአነስተኛ ሞተር ክፍል አሸነፈ። በ1957 ሞተሩ ወደ 283 ኪዩቢክ ኢንች አድጎ፣ በነዳጅ መርጫና በእርሱ ካምሻፍት 283 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ አንድ ለአንድ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መኪና አምራቾች ከውድድር ለመራቅ ሲስማሙ እጁ ታሰረ። ይሁንና በ1962 መጨረሻ ግራንድ ስፖርት የተባሉ ቀላል የውድድር ኮርቬቶችን መሥራት ጀመረ፤ አለቆቹ ሲያስቆሙት የተሠሩት አምስት ብቻ ነበሩ።

ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ የሚቀመጥ ኮርቬት ለመሥራት ለዓመታት ተሟገተ፤ ሳይሳካለት በ1975 ጡረታ ወጣ። ኤፕሪል 21 ቀን 1996 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ሲያርፍ፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በኬንታኪ ግዛት በቦውሊንግ ግሪን ከተማ በሚገኘው የኮርቬት ሙዚየም ተቀመጠ። የተሟገተላት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ ኮርቬት በ2020 ሞዴልነት ወጣች።