ፔር ሄንሪክ ሊንግ

ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1776 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በደቡብ ስዊድን ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የሻሞላ ግጥሚያ ሲያስተምር፣ ክንዱን ይዞት የነበረው ቁርጥማት ከልምምዱ የተነሣ እየተሻለው መሄዱን አስተዋለ። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ ሊንግ ግን ምክንያቱን ለማወቅ የሰውነትን አሠራር ማጥናት ጀመረ።

ከዚያም የእንቅስቃሴ መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም እንዲከፈት መንግሥትን ጠየቀ። በመጀመሪያ ያገኘው መልስ ንቀት ነበር፤ ባለሥልጣኑ ሐሳቡን በገመድ ላይ ከሚራመዱ ሰዎች ጨዋታ ለይቶ አላየውም። ሊንግ ግን አልተወም፤ በ1813 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በስቶክሆልም የተከፈተው ንጉሣዊ ማእከላዊ የጂምናስቲክ ተቋም ኃላፊ ሆነ።

ትምህርቱን ለማስተማሪያ፣ ለውትድርና፣ ለሕክምናና ለውበት ብሎ በአራት ከፈለው። ያከራከረው የሕክምናው ክፍል ነው። በሽተኛው እጅና እግሩን ሲያንቀሳቅስ ሠልጣኙ በእጁ አንዳንዴ ይደግፈዋል፣ አንዳንዴም ይቋቋመዋል፤ ደረትን የሚከፍቱ የአተነፋፈስ ልምምዶችም ነበሩበት። ዛሬ ፊዚዮቴራፒ የምንለው ሙያ አንዱ ሥሩ ይህ ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሐኪሞች ግን በእንቅስቃሴ በሽታ ይድናል መባሉን አልተቀበሉም። ይሁን እንጂ በ1831 ዓ.ም. የስዊድን ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ሊንግን አባል አድርጎ መረጠው።

በ1839 ዓ.ም. ሲሞት የተቋሙን ኃላፊነት ተማሪው ላርስ ጋብሪኤል ብራንቲንግ ተረከበ። ሊንግ ስለ ጂምናስቲክ መሠረቶች የጀመረው መጽሐፍ ግን አላለቀም ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱ አሟልተው በ1840 ዓ.ም. አሳተሙት።