የናፖሊዮን ጨጓራ በሕይወት ሳለ ቢታይ ኖሮ

የናፖሊዮን ቦናፓርት ስም ሲነሳ የሚታወስዎ ጦርነቱና ዘውዱ ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ጨጓራው ነው።

ናፖሊዮን በ1769 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮርሲካ ደሴት፣ አጃክሲዮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካርሎ በ1785፣ ገና በ38 ዓመታቸው ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጨጓራቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ልጁ ያኔ የ15 ዓመት ታዳጊ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ያውቁታል፤ በ1804 ንጉሠ ነገሥት ሆነ፣ በ1815 ዋተርሉ ላይ ተሸንፎ ወደ ሴንት ሄሌና ደሴት ተጋዘ። (በሥዕሎቹ ላይ እጁን ልብሱ ውስጥ የሚከተው ጨጓራውን ስለሚያመው ነው ይባላል። ነገር ግን የዘመኑ የሥዕል ልማድ ነበር፤ ጤነኞቹም እንዲሁ ይሳሉ ነበር።)

በግዞት ላይ ሳለ በቀኝ ጎኑ ሕመም ይሰማው ጀመር። አንዱ ሐኪም ጉበት ነው አለ፤ ሌላው እስከ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ድረስ በሽታውን አቅልሎ አየው። ሰውዬው ግን ይከሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ምግብ አልረጋለት ይላል። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ካሎሜል የተባለ ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት በብዛት ተሰጠው። እሱ ራሱ የአባቱን በሽታ ይጠረጥር ነበር። ከሞተ በኋላ ሆዱ ተከፍቶ ጨጓራው በተለይ እንዲታይ፣ ውጤቱም ለልጁ እንዲነገርለት ሐኪሙን ጠየቀ።

ግንቦት 5 ቀን 1821 በ51 ዓመቱ አረፈ። በማግስቱ ሐኪሞቹ ሆዱን ሲከፍቱ ጨጓራው የቡና አተላ በሚመስል ፈሳሽ ተሞልቶ ነበር፤ ይህ በጨጓራ አሲድ የጠቆረ ደም ነው። የጨጓራው ውስጠኛ ግድግዳ በአብዛኛው ታሟል። ትንሽ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳም ነበረች፤ ጉበቱ ተጣብቆ ደፍኗታል። የዛሬ ሐኪሞች አብዛኞቹ የጨጓራ ካንሰር ነው ይላሉ።

የሚያሳዝነው፣ የሰውን የውስጥ አካል በብርሃን የማየት ሙከራ በዚያው ዘመን ተጀምሮ ነበር። የናፖሊዮን ጦር ጀርመንን ሲያጥለቀልቅ፣ በ1806፣ ፊሊፕ ቦዚኒ የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም በሻማና በመስታወት የሚሠራ መሣሪያ ይፋ አደረገ። ጨጓራ ድረስ ግን አይደርስም ነበር። በ1868 አዶልፍ ኩስማውል ቀጥ ያለ ቱቦ ወደ ጨጓራ ሲያስገባ የመረጠው ሰው ሰይፍ በመዋጥ ትርዒት የሚያሳይ ባለሙያ ነበር! የሚተጣጠፈው መሣሪያ የመጣው በ1957 ነው።

ዛሬ ኢንዶስኮፒ ሲታዘዝልዎ ግን ሰይፍ መዋጥ አይጠበቅብዎትም። ቱቦው ከትንሽ ጣት ብዙም አይወፍርም፤ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ አለው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ ይመጣሉ። ጉሮሮዎ በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፤ እንደ ሁኔታው የሚያረጋጋ መርፌ ይሰጥዎታል። በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፤ ሐኪሙ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራን እና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ያያል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ማቅለሽለሽ ይኖራል፣ ትንፋሽዎ ግን አይዘጋም፤ ቱቦው የሚሄደው በምግብ መንገድ ነው። ናሙና ሲቆረጥም አያምም። መድማትና መቀደድ ሊያጋጥም ቢችልም አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ለማንኛውም ቃር ኢንዶስኮፒ አያስፈልግም። ሳያስቡት ከከሱ፣ ምግብ ሲውጡ ከተናነቀዎት፣ ትውከትዎ ደም ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ደም ማነስ ከተገኘብዎ ግን ተልባና ከመድኃኒት ቤት የገዙት ኦሚፕራዞል ላይ ብቻ አይቆዩ። ናፖሊዮን በመጨረሻው ዓመት ኢንዶስኮፒ ቢደረግለት እንኳ መዳኑ አጠራጣሪ ነው፤ ካንሰሩ ገና ጅምር ሳለ ቢታይ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ወላጅዎ ወይም ወንድም እህትዎ በጨጓራ ካንሰር ታመው ከሆነ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም ይንገሩት። ደም የሚያቀጥን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ከቀጠሮው በፊት ያሳውቁ፤ በራስዎ አያቋርጡ። የሚያረጋጋ መርፌ ከወሰዱ በዚያ ቀን መኪና አይንዱ፣ ሰው ይዘው ይምጡ። ናሙና ከተወሰደ ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፤ ሕመሙ ቢተውዎትም እንኳ ተመልሰው ይቀበሉ።