አባ መላ፦ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥታችሁ ወደ መርካቶ ስትሄዱ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚባል ስፍራ ታገኛላችሁ። በየቀኑ ስንቱ ነጋዴ፣ ስንቱ ተሸካሚ፣ ስንቱ ተማሪ ይሻገረዋል! ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ሰው ማን እንደ ነበሩ ግን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን?

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በጨቦ ተወለዱ። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መጡ። ከምርኮኛነት ተነሥተው በትጋታቸውና በአስተዋይነታቸው ደረጃ በደረጃ ከፍ አሉ። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ዘመቱ፤ ቆይቶም ወደ ቦረና የዘመተውን ጦር መሩ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በልጅ ኢያሱና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታላቅ ሥልጣን እንደ ያዙ ኖረው በ1919 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይሁን እንጂ ሕዝብ ከጦር ሚኒስትርነታቸው ይልቅ አብዝቶ የሚያስታውሰው ፍርዳቸውን ነው። የፈረስ ስማቸው አባ መላ መሆኑም ከዚህ ዝናቸው ጋር ይስማማል። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ሲሆን፣ የአገር ልማድም እንደ ሕግ ይሠራበት ነበር። የሟች ዘመድ የደም ካሳ መቀበል ወይም የገዳዩን ሞት መጠየቅ ይችል ነበር።

እንደሚነገረው፣ አንድ ሰው ከዛፍ ላይ ሲወድቅ ከሥር ያገኘውን ሰው ገደለ። የሟች ዘመድ ካሳውን አልቀበልም፤ ደም በደም ይመለስልኝ ሲል ተሟገተ። ሽማግሌ ቢለምነው እንቢ አለ። ነገሩ አባ መላ ዘንድ ሲደርስ፣ ከሳሹ እዚያው ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ተከሳሹን ከሥር አስቀምጦ፣ እንደ እርሱ በመውደቅ እንዲገድለው ፈረዱ። ከሳሹ የዛፉን ቁመት አየ፤ ለራሱም ነፍስ ፈራ፤ ካሳውንም ተቀበለ።

አስተውሉ! ዳኛው የከሳሹን መብት አልከለከሉም። ነገር ግን አስቦ የሚገድልና ሳያስበው የሚገድል እኩል እንዳልሆኑ ከሳሹ ራሱ እንዲረዳ አደረጉ። ይህን ልዩነት ፍትሐ ነገሥትም ያውቀዋል፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም አስፍሮታል። ተመሳሳይ ታሪክ በሌሎች አገሮች ስለ ሌሎች ዳኞች ስለሚነገር፣ በመዝገብ የተጻፈውን ከአፈ ታሪክ መለየት ይገባችኋል። ያም ሆኖ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ፍርድ ለማንም አይሰጥም፤ ብልህና ሚዛናዊ ነው ብሎ ላመነበት ዳኛ ብቻ ይሰጣል። በምርኮ የመጣው ልጅ ያተረፈው ትልቁ ሀብት ይህ እምነት ነው።

መልመጃ

1. ተቆራኝተው፣ ካሳ፣ ሚዛናዊ የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አግቡ።
2. ከሳሹ ካሳውን ለመቀበል የተገደደው ለምንድን ነው?
3. ከሽማግሌዎች የሰማችሁትን አንድ የፍርድ ታሪክ በሁለት አንቀጽ ጻፉ።