አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፦ ሳይከደን የቆየ ዓይን

ከቡታጅራ በስተሰሜን፣ በሶዶ ክስታኔ ምድር፣ ምድረ ከብድ የሚባል ጥንታዊ ገዳም አለ። ገዳሙ የሚታወቀው ሕዝቡ በአጭሩ አቦ እያለ በሚጠራቸው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም ነው። የእኒህን አባት ሕይወት የሚተርከው ዋናው ምንጭ ገድላቸው ሲሆን፣ ገድል የታሪክ መዝገብ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ዕድሜያቸውን 562 ዓመት ብሎ መቍጠሩ ብቻውን ይህን ያሳያል። ሆኖም የሀገሩ ሰው ሕሊናን ስለ መሰብሰብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያስብ የኖረውን ለመረዳት ለሚፈልግ የሞያ ሰው፣ ገድሉ ሊታለፍ የማይገባው ምስክር ነው።

ገድሉ እንደሚለው የተወለዱት በግብፅ፣ ንሂሳ በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባሉ ነበር። ገና በሕፃንነታቸው ወደ ገዳም ገብተው አደጉ፤ ከዚያም ልብስና ምግብ ትተው በበረሃ ኖሩ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በንጉሥ ላሊበላ ዘመን፣ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች አስከትለው እንደ ሆነ ይተረካል። መኖሪያቸውም ምድረ ከብድና ዝቋላ ሆነ።

ዝቋላ ቁመቱ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ፣ በጫፉ ላይ ሐይቅ ያለበት የጥንት እሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ጻድቁ በዚህ ሐይቅ ውስጥ በራሳቸው ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት እየለመኑ 100 ዓመት እንደ ቆዩ ገድሉ ያወሳል። ውጣ የሚል ቃል ሲመጣላቸውም ሕዝቡ ካልተማረ አልወጣም ብለው ወደ ልመናቸው ተመለሱ። አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚደነቀው በዘመኑ ርዝመት ነው፤ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ይህ መመለስ ነው። ልባቸውን ከልመናቸው ሊያነሣው የመጣው ነገር ክፉ አልነበረም፤ መልካም ዜና ነበር።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ የተለየ ነው። በተራራው ራስ ላይ ወደ ሰማይ እያዩ 7 ወር እንደ ምሰሶ ቆመው ሳለ፣ ሰይጣን በቁራ ተመስሎ መጥቶ ዓይኖቻቸውን አጠፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚካኤልና ገብርኤል መጥተው ብርሃናቸውን መለሱላቸው። የገድሉ ጸሐፊ እዚህ ላይ የሰውን ጠባይ በሚገባ ያወቀ ይመስላል። ጠላት የመጣው ሊያስፈራ ወይም ሊያባብል አይደለም፤ የጸሎተኛውን ትኩረት ከነመሣሪያው ሊነቅል ነው እንጂ። እሳቸው ግን ዓይን ባልነበራቸው በእነዚያ ቀናትም ከስፍራቸው አልተነሡም።

በዚያው በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በሩቅ ምሥራቅ፣ ዶገን (እ.ኤ.አ. 1200–1253) የተባለ ጃፓናዊ መነኩሴ ከቻይና እ.ኤ.አ. በ1227 ወደ ሀገሩ ተመልሶ ስለ ዜን የተቀመጡ ሰዎች ጸጥታ አጭር መመሪያ ጻፈ። በዚያ ሥርዓት ተቀማጩ ዓይኑን አይከድንም፤ ሐሳብ ሲመጣበት አይታገለውም፣ አይከተለውምም፤ መምጣቱን ዐውቆ ወደ አቀማመጡና ወደ አሁኑ ሰዓት ይመለሳል። የሁለቱ መንገድ የሚገናኘው በተከፈተው ዓይንና በመመለሱ ነው። የሚለያየው ደግሞ በሚመለሱበት ነገር ነው፤ ዶገን ምንም ሳይሹ መቀመጥን ሲያስተምር፣ አቦ የሚመለሱት ለሌላ ሰው ወደ ሚለምኑት ልመና ነበር።

ሦስተኛው ታሪክ አጭር ነው። በውኃ ጥም ልትሞት የደረሰች ወፍ ወደ ጻድቁ በመጣች ጊዜ ከዓይናቸው እንባ እንድትጠጣ ፈቀዱላት። ቁራው ያጠፋውን ዓይን ለወፏ ሰጡ ማለት ነው። ልብን መሰብሰብ በአጠገብ ያለውን ችግረኛ አለማየት መስሎ ለሚታየው ሰው መልሱ በዚህች ወፍ ታሪክ ውስጥ አለ።

የቡታጅራ ስም እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የገጠር ጤና ጥናትና ከ1998 ወዲህ በተካሄደው የከባድ አእምሮ ሕመም ክትትል ምክንያት በሞያው ዓለም የታወቀ ነው። በዚያም ሆነ በወልቂጤ የሚሠራ ባልደረባ፣ ለተጨነቀ ታካሚ የተበተነ ልብን ወደ አሁኑ ሰዓት የመመለስን ዘዴ ሲያስተምር፣ ትምህርቱ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብሎ ባያስብ ይሻላል። በአቦ ስም ያደገው ታካሚ የመመለስን ነገር ከልጅነቱ ሰምቶታል። ለሙስሊሙ ታካሚ ደግሞ ዚክር አለለት፤ በቸሃ ምድር ያለው አብረት የታወቀ የቃዲሪያ ማዕከል ነው። እንግዲህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሰውየው ልቡ ሲበተን ወደ ምን እንደሚመለስ ነው። ገድሉን እንደ ሐኪም ትእዛዝ መያዝ ግን አደጋ አለው። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበትን ሰው ሕመም ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ እንዲህ ላለው ሰው ትጋቱ በእንቅልፉ ላይ መምጣት የለበትም።

አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መጋቢት 5 ቀን እንዳረፉ ይነገራል። ምእመናን ወር በገባ በ5ኛው ቀን ያስቧቸዋል፤ በየዓመቱ መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ቀን ደግሞ ብዙ ሕዝብ በዓላቸውን ያከብራል። ሠዓሊዎችም አንበሶቹንና ነብሮቹን በግራና በቀኝ አድርገው፣ ሰውነታቸውን በነጭ ጠጉር ሸፍነው፣ ወፏንም ከተከፈተው ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ይሥሏቸዋል።