ወይዘሮ ወርቂት

በደሴና በኮምቦልቻ የንጉሥ ሚካኤልን ስም የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ዘንድሮ በቀድሞ መጻሕፍት ስከታተል የከረምሁት ከእሳቸው በፊት በወሎ ይገዙ የነበሩትን ወይዘሮ ወርቂትን ነው። የሚገኙት ግን በወንዶቹ ታሪክ መካከል፥ እዚህ አንድ ገጽ፥ እዚያ ሁለት መስመር ሆነው ነው።

ወይዘሮ ወርቂት ባላቸው ከሞቱ በኋላ አገሩን ለልጃቸው ሲሉ ያዙ። ልጁ ግን ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በመቅደላ አምባ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም. የሸዋው አቤቶ ምኒልክ ከዚያው አምባ አምልጠው በወይዘሮዋ እጅ ገቡ። እናትም ምኒልክን ሰጥተው ልጃቸውን ለማስለቀቅ አሰቡ። ዳሩ ግን ዐፄ ቴዎድሮስ በማምለጡ ተቆጥተው ልጁን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉት። ወይዘሮ ወርቂት በምኒልክ ደም አልተበቀሉም፤ ወደ ሸዋ ሰደዷቸው።

ይህን ለእናቴ ባነብላት ቡና የምትቆላበትን ምጣድ ከእሳት አወረደች። ለረጅም ጊዜም አልተናገረች።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ፥ ወይዘሮ ወርቂትና ተቀናቃኛቸው ወይዘሮ መስተዋት አምባው ለኔ ይገባል ብለው ለእንግሊዞች አመለከቱ። መስተዋትም ስለ ልጃቸው ሆነው የሚገዙ እናት ነበሩ። እንግሊዞች ግን አምባውን አቃጥለው ተመለሱ።

ወይዘሮ ወርቂት የለቀቋቸው እስረኛ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ።