ማይክል ፋራዴይ፦ ዝሎ ያረፈ፣ አርፎም የተመለሰ ሊቅ

ማንኛውም መሐንዲስ ድልድይ ሲነድፍ ወይም ትራንስፎርመር ሲመርጥ አስቀድሞ የሚመረምረው የሚሸከመውን የጭነት መጠን ነው። ጭነቱ ከወሰኑ ካላለፈ ሥራው ዘመኑን ጠብቆ ያገለግላል፤ ዘወትር ከወሰኑ በላይ ከተጫነ ግን ያለጊዜው ይሰነጠቃል ወይም ይቃጠላል። ይህን ሕግ ለብረትና ለመዳብ የሚያከብር ባለሙያ ለገዛ አእምሮው ሲሆን ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ከሥራ ብዛት የሚመጣ የአእምሮ ዝለት ስንፍና ወይም የጠባይ ጉድለት አለመሆኑን፣ ሥራው በጊዜው ከተገታም የተወሰደው ኃይል ሊመለስ የሚችል መሆኑን ከሚያስረዱት የሕይወት ታሪኮች አንዱ የማይክል ፋራዴይ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ከለንደን በስተደቡብ በሚገኘው የኒውንግተን ሠፈር ከአንድ ድኻ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወለደ። ትምህርቱ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም። በ14 ዓመቱ ሙያ ለመልመድ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ገብቶ ለሰባት ዓመት ሠራ፤ ለጥረዛ የመጡትንም መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1812 የታወቀውን የኬሚስትሪ ሊቅ የሰር ሐምፍሪ ዴቪን ትምህርቶች አዳምጦ፣ ማስታወሻውን አስፋፍቶ ጽፎና በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። በዚህም ምክንያት በ1813 ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው የለንደን የሳይንስ ተቋም የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያም በኋላ የሥራ ዘመኑን ሁሉ ያሳለፈው በዚሁ ቤት ነው።

በ1821 የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ሊሽከረከር እንደሚችል በማሳየት ለኤሌክትሪክ ሞተር መሠረት ጣለ። ኦገስት 29 ቀን 1831 ደግሞ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ጠምጥሞ፣ በአንደኛው የሚያልፈው ጅረት ሲጀምርና ሲቋረጥ በሁለተኛው ውስጥ ጅረት እንደሚፈጠር አረጋገጠ። ዛሬ በየኃይል ማመንጫውና በየማከፋፈያ ጣቢያው የሚሠሩት ጄኔሬተሮችና ትራንስፎርመሮች ሁሉ የተመሠረቱት በዚህ ግኝት ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የተጫነው ሥራ እጅግ ብዙ ነበር። ፋራዴይ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበር። የተቋሙን የዓርብ ምሽት ንግግሮች አቋቁሞ በአብዛኛው ራሱ ይመራ ነበር። በ1820ዎቹ መጨረሻ ለሮያል ሶሳይቲ ጥራት ያለው የመነጽር መስታወት ለመሥራት ለዓመታት ከእቶን ፊት ቆሟል። በዉልዊች የጦር ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር፤ ከ1836 ጀምሮም መርከቦችን በሌሊት የሚመሩትን የባሕር ዳር የፋና ማማዎች ለሚያስተዳድረው ለትሪኒቲ ሃውስ አማካሪ ሆነ። ለፋብሪካዎችና ለፍርድ ቤቶች ይሰጠው የነበረውን የግል የምክር አገልግሎት በ1830ዎቹ ቢተወውም፣ ያተረፈውን ጊዜ ወዲያው በምርምር ሞላው። ከ1831 እስከ 1840 ባሉት ዓመታት በኤሌክትሪክ ላይ ያደረጋቸውን ምርምሮች በ17 ተከታታይ ጽሑፎች አቀረበ። ገንዘብ የሚያስገኘውን ሥራ መተው ራስን ማሳረፍ ማለት አልነበረም፤ የጭነቱ ዓይነት ተለወጠ እንጂ ክብደቱ አልቀነሰም።

የዝለቱ ምልክቶች በአንድ ቀን የመጡ አይደሉም። ራስ ምታትና ማዞር ይደጋግመው፣ የማስታወስ ችሎታውም ይከዳው ጀመር። በ1839 መጨረሻ ሕመሙ ጠንቶ ሐኪሙ ከሥራ እንዲርቅ አዘዘው፤ እርሱም ከባለቤቱ ከሳራ ጋር ወደ ብራይተን የባሕር ዳርቻ ሄደ። ጥቂት ሻል ሲለው ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ ሕመሙም አብሮ ተመለሰ። ለአጭር ጊዜ ማረፍ ለረጅም ዘመን ድካም መድኃኒት አለመሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች በላቦራቶሪው ይነካው የነበረው ሜርኩሪ ለሕመሙ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም ብለው ገምተዋል፤ በዘመኑ የታዘዘለት ፈውስ ግን አእምሮውን ከሥራ ማሳረፍ ነበር።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የተቋሙ አቋም ነው። የሮያል ኢንስቲትዩሽን አስተዳዳሪዎች ፋራዴይ ጤናው እስኪመለስ ድረስ ከሥራ ግዴታው ነፃ እንዲሆን ወሰኑ። ቦታውን ለሌላ አልሰጡበትም፤ የሚመለስበትንም ቀን ቆርጠው አላስጨነቁትም።

በ1841 ክረምት ከሳራ፣ ሠዓሊ ከነበረው ከወንድሟና ከሚስቱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። በዚያም በአልፕስ ተራሮች መካከል በአንድ ቀን 70 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። ጉልበቱን የተመለከተ ሰው ታሟል ብሎ አያምንም ነበር። የዛለው ግን እግሩ ሳይሆን አእምሮው ነበር፤ በሥራ የተጎዳ ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ ሰነፍ ተብሎ የሚታማውም ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከላይ ስለማይታይ ነው። በዚያ ጉዞ ፋራዴይ ስለ ኤሌክትሪክ ከማሰብ ይልቅ ፏፏቴና ቀስተ ደመና ሲመለከት ዋለ። በኢንተርላከን የምስማር ሠሪዎችን ሥራ ቆሞ ሲያይ ቀጥቃጭ የነበረውን አባቱን አስታወሰ፤ የቀጥቃጭ ቤትና በዚያ ያለው ሁሉ ደስ እንደሚያሰኘውም በማስታወሻው ጻፈ።

ወደ ሥራ የተመለሰው በአንድ ጊዜ አልነበረም። በ1841 መጨረሻ ለልጆች የሚሰጠውን የገና ትምህርት አስተማረ። ለፋና ማማዎች መብራት የጭስ ማውጫ ነድፎ፣ የማማውን መስታወት ያደበዝዝ የነበረውን እርጥበት አስወገደ። ይህ ተግባራዊና ውሱን ሥራ ነበር። አሥራ ስምንተኛው የምርምር ጽሑፉ የቀረበው ከአሥራ ሰባተኛው ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1843 ነው።

በ1845 ወጣቱ ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ኤሌክትሪክ በብርሃን ላይ ስላለው ተጽዕኖ በደብዳቤ ጠየቀው። ፋራዴይም ሙከራውን በኤሌክትሪክ ቢጀምር አልሳካ ስላለው ወደ ማግኔት ተሻገረ። ሴፕቴምበር 13 ቀን በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን በኃይለኛ ማግኔት አጠገብ በተቀመጠ ከባድ መስታወት ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫው እንደሚዞር አየ። ብርሃንና ማግኔት ዝምድና እንዳላቸው በሙከራ የታወቀው ያን ቀን ነው። ይህን ያሳየው መስታወት ከብዙ ዓመት በፊት ከእቶን ፊት ሲያደክመው ከኖረው ሥራ የተረፈ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ማግኔት የማይስባቸው ብዙ ነገሮች በማግኔት በጥቂቱ እንደሚገፉም አረጋገጠ። ከ30ዎቹ ተከታታይ ጽሑፎቹ 13ቱ የቀረቡት ከዕረፍቱ በኋላ ነው።

ፈውሱ ፍጹም ነበር ማለት አይደለም። የማስታወስ ችሎታው እስከ መጨረሻው ደካማ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ በአእምሮው ላይ ከመተማመን ይልቅ ሙከራውን ሁሉ አንቀጽ በአንቀጽ ቁጥር እየሰጠ ይመዘግብ ነበር፤ አንቀጾቹም ከ16,000 በላይ ደረሱ። በ1857 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ሲጠየቅ ክብሩን አልተቀበለም። ዕድሜው ሲገፋም ሥራውን አንድ በአንድ አስረከበ፤ በ1862 የመጨረሻውን የዓርብ ንግግር አደረገ፣ በ1865 የትሪኒቲ ሃውስን ኃላፊነት ተወ። ኦገስት 25 ቀን 1867 በሃምፕተን ኮርት ቤቱ ከወንበሩ እንደተቀመጠ ዐረፈ።

በ1840 ሥራ ያቆመው የ49 ዓመት ሰው ዘመኑ አልቋል ተብሎ ቢሰናበት ኖሮ፣ ወይም ራሱ በእልህ ሥራውን ቀጥሎ ቢሰበር ኖሮ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የተገኘው ዕውቀት በእርሱ እጅ ባልተገኘ ነበር። የፋራዴይ ሕይወት ለባለሙያው የሚያስተምረው የድካምን ምልክት እንደ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ አክብሮ እንዲያይ ነው፤ ባለሙያ ለሚያሠራ ክፍል ደግሞ የዛለን ሠራተኛ መጠበቅ ምጽዋት ሳይሆን የማይከስር ሥራ መሆኑን ያስተምራል።