ታላቁን መቅደስ ያሠራው ንጉሥ ራጃራጃ

ስለ ሕንድ አገር ጥንታዊ ሕንፃዎች በተነሣ ቁጥር ሁላችንም ቀድመን የምንጠራው ታጅ ማሃልን ነው። ታጅ ማሃል ግን በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መቃብር ነው፤ ከርሱ 600 ዓመት ያህል አስቀድሞ በደቡብ ሕንድ፣ በታንጃቩር ከተማ፣ እጅግ ታላቅ የሆነ የሺቫ መቅደስ ቆሞ ነበር። ከአያቶቻችንና ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ሒሳብና ሳይንስ የተማሩት ከሕንድ በመጡ መምህራን ስለሆነ አገሩ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የመቅደሱን አሠሪ ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ራጃራጃ የቾላ ነገሥታት ወገን ሲሆን የልደት ስሙ አሩልሞሊ ነበር። ራጃራጃ የማዕረግ ስሙ ነው፤ ትርጓሜውም ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። አልጋ ወራሹ ታላቅ ወንድሙ በነፍሰ ገዳዮች እጅ ስለ ሞተ፣ መንግሥቱ ለአባቱ ዘመድ ለኡታማ ተላለፈ። ሕዝቡ አሩልሞሊን ቢፈልግም፣ ዘመዱ ዙፋኑን እስከ ፈለገ ድረስ እርሱ እንቢ እንዳለ በልጁ ዘመን የተጻፈ የመዳብ ሰሌዳ ይናገራል። ልጅ ስለ አባቱ ያስጻፈውን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ቢሆንም የነገሠው ኡታማ ካለፈ በኋላ በ985 ነው።

ከዚያ በኋላ በየብስም በባሕርም ዘመተ። ዛሬ ስሪ ላንካ የምትባለውን ደሴት ሰሜናዊ ክፍል ያዘ፤ ጥንታዊቱ ከተማ አኑራዳፑራም በጦሩ ጠፋች። ከደሴቲቱም አንዳንድ መንደሮች ለታንጃቩር መቅደስ ሩዝ እንዲገብሩ ተወሰነባቸው። እነዚያ ገበሬዎች ስለ ንጉሡ ምን ያስቡ እንደ ነበር የጻፈላቸው የለም።

በዚያ አገር በ7ኛው መቶ ዓመት የፓላቫ ነገሥታት በማሃባሊፑራም መቅደሶችን ከአለት ያስፈለፍሉ ነበር፤ ቀጥሎም በተጠረበ ድንጋይ መገንባት ተለመደ። ራጃራጃ በ1010 የፈጸመው ግን የቀደሙትን ሁሉ አሳነሰ። ማማው 13 ደርብ፣ ቁመቱ 60 ሜትር ያህል፣ ውስጡም ክፍት ነው። ጥላው መሬት አይነካም የሚባለው ተረት ነው፤ እንደ ማንኛውም ሕንፃ ጥላው ይወድቃል።

እኛን ከሁሉ ያስገረመን ግን ቁመቱ ሳይሆን ግድግዳው ነው። ንጉሡ እርሱ የሰጠው ብቻ ሳይሆን፣ እኅቱ ኩንዳቫይ፣ ሚስቶቹና ሌሎችም የሰጡት ሁሉ በድንጋዩ ላይ እንዲቀረጽ አዘዘ። ስለዚህ የሒሳብ ያዡ፣ የልብስ ሰፊው፣ የጸጉር ቆራጩና የሸክላ ሠሪው ድርሻ ሳይቀር ተጽፏል። ለአንድ የማይጠፋ መብራት 96 በጎች ይመደባሉ፤ እረኛው በጎቹን ተረክቦ በየቀኑ የተወሰነ ልክ ንጥር ቅቤ ያስገባል። በጎቹ ስለሚራቡ መንጋው አያልቅም፤ መንጋው ካላለቀ መብራቱም አይጠፋም። እንዲሁም ከሌሎች መቅደሶች የመጡ 400 ያህል ተወዛዋዥ ሴቶች ከነስማቸውና ከነቤታቸው ተመዝግበዋል። ወደው ይምጡ ተገደው ግን ጽሑፉ አይገልጽም።

ዘመን ሲያልፍ የጥንቱን ፊደል የሚያነብ ጠፋ፤ የአገሩም አፈ ታሪክ መቅደሱን ለሌላ ንጉሥ ሰጠው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀርመናዊው ሊቅ ሁልትሽ ጽሑፎቹን አንብቦ ሲያሳትም የራጃራጃ ስም ተመለሰ። በ1931 ደግሞ ከኋለኛው ዘመን ሥዕል ሥር የቾላ ዘመን ሥዕሎች ተገኙ። ዩኔስኮም መቅደሱን በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ራጃራጃ በ1014 ሞተ። ልጁ ራጄንድራ ሌላ ዋና ከተማ ቆርቁሮ የራሱን መቅደስ ሠራ፤ ማማው ግን ከአባቱ ዝቅ ይላል። የራጃራጃ ቤተ መንግሥት ዛሬ ቆሞ አይታይም። የአንዲቱ ተወዛዋዥ ቤት በየትኛው መንገድ፣ በስንተኛው ተራ እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ ከግድግዳው ይነበባል።